ቀብድ ከፍሎ ሰማይን መጠበቅ፦ የቢሊየነሮቹ የጠፈር ጉዞ በእህል ነጋዴ ሚዛን

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የዛሬው ግምገማዬ ልገዛው በማልችለው፣ ብችልም ለመግዛት ብዙ በማመነታበት አገልግሎት ላይ ነው፤ ይኸውም የአሜሪካና የእንግሊዝ ባለጸጎች ያቋቋሟቸው ኩባንያዎች የሚሸጡት የጠፈር ጉዞ ነው። ሳይሳፈሩበት በመንኮራኩር ላይ መፍረድ ተገቢ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖራል። ሆኖም ሻጮቹ የጉዞውን ርዝመት፣ የሚነሡበትን ዓመት፣ አብዛኞቹም ዋጋውን በአደባባይ የተናገሩ ስለ ሆነ፣ የተባለውንና የተፈጸመውን አቀራርቦ ለማየት ትኬት መቁረጥ አያስፈልግም።

ነገሩን ያስጀመሩኝ ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቢቸናና ከደጀን ጤፍ እየገዙ አዲስ አበባ የሚያራግፉ የእህል ነጋዴ ሲሆኑ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ቡና እየጠጣን ሳለ ከሮኬት ወርደው ሻምፓኝ የሚረጩ ሰዎች በቴሌቪዥን ታዩ። እርሳቸውም ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣ «አንተ መምህር፣ ይህ ነገር ይሸጣል እንዴ?» አሉኝ።

«ይሸጣል ጋሼ» አልኋቸው።

«ስንት ነው?»

ነገርኋቸው። አልደነገጡም፤ ነጋዴ በዋጋ አይደነግጥም። ቀጥለው የጠየቁኝ ግን እስከዚያ ቀን አስቤው የማላውቀውን ነበር። «ቀብድ ይቀበላሉ? ቀብድ የከፈለው ሰው ዕቃውን በስንት ጊዜው ተረከበ? ቢበላሽ ዋሱ ማን ነው? የመጫኛና የማውረጃውንስ የሚከፍለው ማን ነው?» አሉኝ።

እኔ ለዓመታት ስለ ሮኬት ሳስተምር የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ እንጂ የቀብድን ሕግ አንሥቼ አላውቅም። ስለዚህ ይህን ግምገማ የምጽፈው በእርሳቸው ጥያቄዎች ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ የሚሸጠው ምን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ በአንድ ስም የሚጠሩት ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸውና። የሪቻርድ ብራንሰን ቨርጂን ጋላክቲክ እና የጄፍ ቤዞስ ብሉ ኦሪጅን ለመንገደኛ የሸጡት ወደ ላይ ወጥቶ ወዲያው የሚወርድ ጉዞ ነው። የመጀመሪያው መንኮራኩሩን በትልቅ አውሮፕላን ክንፍ ሥር አንጠልጥሎ ከፍ ካደረገ በኋላ ይለቅቀዋል፤ የሮኬት ሞተሩም በአየር ላይ ይቀጣጠላል። ሁለተኛው ኒው ሼፐርድ በተባለው ሮኬት ከቴክሳስ ምድር ቀጥ ብሎ ይነሣል፤ የመንገደኞቹ ክፍልም በፓራሹት ይወርዳል። ብራንሰን ጁላይ 11 ቀን 2021 ራሱ ሲሳፈር የደረሰበት ከፍታ 86 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ቤዞስ ከ9 ቀን በኋላ ወደ 107 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ለአገራችን ሰው ለመንገር ያህል፣ የብራንሰን መንገድ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዳንግላን ጥቂት አልፎ እንደ መመለስ ነው፤ ልዩነቱ መንገዱ ወደ ሰማይ የቆመ መሆኑ ነው። በነገራችን ላይ ሁለቱ ጠፈር የሚጀምረው ከ80 ኪሎ ሜትር ነው ወይስ ከ100 ኪሎ ሜትር በሚል ይነታረካሉ፤ እንዲህ ያለ የድንበር ክርክር ከእኛ ቀበሌ ያለፈ አልመስለኝም ነበር።

ሁለተኛው ዕቃ ምህዋር፣ ማለትም ሳይወድቁ መሬትን እየዞሩ መቆየት ነው፤ በዚህ ዕቃ የታወቀው የኢሎን መስክ ስፔስኤክስ ነው። በምህዋር ለመቆየት አንድ መንኮራኩር በሰከንድ 7.8 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ አለበት። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ሰው ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ያለውን የመኪና መንገድ በአንድ ደቂቃ ከሩብ ገደማ ይጨርሰዋል። አንድ ኪሎ ግራም ዕቃ 100 ኪሎ ሜትር ከፍ ለማድረግ 1 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ይበቃል፤ ያንኑ ኪሎ በምህዋር ፍጥነት ለማስኬድ ግን 30 ሚሊዮን ጁል ገደማ ያስፈልጋል። በሁለቱ መካከል የሠላሳ እጥፍ ልዩነት አለ ማለት ነው። ሁለቱንም «ጠፈር» ብሎ መሸጥ ምን እንደሚመስል ለጎረቤቴ ሳስረዳ፣ ቃሌን ሳልጨርስ፣ «ሰርገኛን በማኛ ዋጋ መሸጥ ነዋ!» አሉ። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ለክፍሌም አላገኘሁም።

ክብደት ማጣት ስለሚባለው ነገር ጥቂት ልበል፤ ገዢው በዋናነት የሚከፍለው ለእርሱ ነውና፣ ተማሪዎቼም በየዓመቱ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ የመሬት ስበት አልጠፋም፤ እታች ካለው በ3 በመቶ ያህል ብቻ ቀንሷል። መንገደኛው የሚንሳፈፈው ከስበት ስላመለጠ ሳይሆን ከነመንኮራኩሩ አብሮ እየወደቀ ስለ ሆነ ነው። ከዛፍ ላይ የወደቀ ልጅም መሬት እስኪነካ ድረስ ክብደት የለውም፤ የጊዜው ማጠር ነው እንዳይታወቀው ያደረገው። በእነዚህ ወጥቶ በሚወርዱ ጉዞዎች ጊዜው 3 ወይም 4 ደቂቃ ይሆናል። የኒው ሼፐርድ ጉዞ ከመነሣት እስከ ማረፍ 10 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አውቶቡስ እስኪሞላ ከምንጠብቀው ጊዜ እጅግ ያንሳል።

ዋጋው እንደ ሻጩ ነው። ቨርጂን ጋላክቲክ በ200 ሺህ ዶላር ጀምሮ ወደ 250 ሺህ፣ በ2021 ደግሞ ወደ 450 ሺህ አሳደገው። አንዱን ዶላር በ150 ብር ብንመታው 67 ሚሊዮን ተኩል ብር ነው፤ በ4 ደቂቃ ሲካፈል ለአንዱ ደቂቃ መንሳፈፍ ወደ 17 ሚሊዮን ብር ይደርሳል። ብሉ ኦሪጅን የመጀመሪያውን ወንበር በጨረታ በ28 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ አሸናፊው በዚያ ቀን አልተመቸውም ተብሎ በፈንታው አንድ የ18 ዓመት ወጣት ተሳፈረ። የመደበኛ ትኬቱን ዋጋ ግን ኩባንያው በይፋ አልለጠፈም። ጎረቤቴ ዋጋ የማይናገር ሻጭ የገዢውን ጫማ አይቶ ነው የሚተምነው ይላሉ። በምህዋር በኩል በ2022 አክሲየም የተባለ ኩባንያ በስፔስኤክስ መንኮራኩር ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የወሰዳቸው መንገደኞች ለአንድ ወንበር 55 ሚሊዮን ዶላር እንደ ከፈሉ ተነግሯል። የመጀመሪያው የጠፈር ቱሪስት ግን በእነዚህ በአንዳቸውም አልሄደም፤ በ2001 የሩሲያ መንግሥት በሚያስነሣው ሶዩዝ፣ ወደ 20 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ነው የሄደው። የቱሪስት ጉዞን እኛ ፈጠርነው የሚል ማስታወቂያ ሲሰማ ይህን ማስታወስ ይገባል።

አሁን ወደ ቀብዱ እንምጣ። ቨርጂን ጋላክቲክ በ2004 ሲቋቋም የመጀመሪያዎቹ መንገደኞች በ2007 እንደሚነሡ ተነገረ፤ ምዝገባም ተጀመረ። 2007 ግን ሐዘን ይዞ መጣ። በጁላይ 26 ቀን በካሊፎርኒያ የሞሃቪ በረሃ፣ ለዚሁ መንኮራኩር ሞተር የሚሆነው የናይትረስ ኦክሳይድ ሙከራ በሚደረግበት ጊዜ ፍንዳታ ደርሶ የአምራቹ ድርጅት 3 ሠራተኞች ሞቱ። ኦክቶበር 31 ቀን 2014 ደግሞ መንኮራኩሩ በሙከራ በረራ ላይ ሳለ በአየር ላይ ተሰባብሮ ረዳት አብራሪው ሕይወቱ አለፈ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ መርምሮ እንደ ገለጠው፣ ለመውረጃ የሚያገለግለው የጅራት ማጠፊያ መቆለፊያ ያለ ጊዜው ተከፍቶ ነበር፤ ቦርዱ ጥፋቱን በሟቹ ላይ ብቻ ሳይጥል፣ አንድ ሰው አንዴ ቢሳሳት መንኮራኩሩ ሊጠፋ እንደሚችል አምራቹ አስቀድሞ አለማሰቡን ወቅሷል። እንዲህ እየሆነ የመጀመሪያው የንግድ በረራ የተደረገው ጁን 2023 ሲሆን ተሳፋሪዎቹም የኢጣሊያ አየር ኃይልና የአገሪቱ የምርምር ምክር ቤት ባልደረቦች ነበሩ። በነሐሴው በረራ፣ ማለትም ኦገስት 2023፣ ማሞ ወልዴ በማራቶን ነሐስ ባገኘበት በ1972ቱ የሙኒክ ኦሊምፒክ በታንኳ የተወዳደሩ አንድ እንግሊዛዊ ተሳፈሩ። ትኬታቸውን የገዙት በ2005 ነበር፤ ሲሳፈሩ 80 ዓመታቸው ነበር።

ጎረቤቴ ይህን ሲሰሙ ጣታቸውን አጥፈው ቆጠሩ። «አሥራ ስምንት ዓመት! እኔ በዚህ ዘመን ሴት ልጄን ድሬ የልጅ ልጅ አቅፌአለሁ። የጤፍ ቀብድ ተቀብዬ ከመስከረም እስከ ጥር ባዘገይ እኮ ሽማግሌ ይመጣብኛል።» አሉ። ለሻጩ የሚሆነውንም መናገር ስላለብኝ፣ ገንዘቤን መልሱልኝ ላለ ገዢ ቀብዱ ይመለስ እንደ ነበር ነገርኋቸው፤ በዚህ ትንሽ ለዘብ አሉ። ከ7 የንግድ በረራዎች በኋላ ግን ጁን 2024 ላይ በተሰበረችው ፈንታ የተሠራችው መንኮራኩር ጡረታ ወጣች፤ ወረፋ ላይ ያሉት ሰዎችም አዲሷ ተሠርታ እስክትወጣ ጠብቁ ተባሉ።

ከቨርጂን ጋላክቲክ የባሱም አሉ። ማርስ ዋን የተባለው የኔዘርላንድ ድርጅት ወደ ማርስ ሄደው የማይመለሱ ሰዎችን እፈልጋለሁ ብሎ በ2013 ማመልከቻ በክፍያ ሰበሰበ፤ የራሱ ሮኬት አልነበረውም፤ በ2019 በስዊዘርላንድ ፍርድ ቤት ኪሳራው ታወጀ። ኤክስኮር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም ትኬት ሲሸጥ ቆይቶ በ2017 ከሰረ። የእነዚህን ገዢዎች ጉዳይ ሳነብ የራሴው ትዝ አለኝ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት በከተማችን ካለ አንድ ሱቅ የሁለት ዓመት ዋስትና ያለው የፀሐይ መብራት ገዝቼ በአራተኛው ወር ሲጠፋ ወረቀቱን ይዤ ብመለስ ሱቁ የልብስ ቤት ሆኖ ጠበቀኝ።

በኢሎን መስክ ዘንድ ቀብዱ ከገንዘብ ይልቅ በተስፋ የሚከፈል ነው። በሴፕቴምበር 2017 አውስትራሊያ አዴሌድ ላይ ባደረገው ንግግር ዕቃ የጫኑ መንኮራኩሮች በ2022 ማርስ እንዲያርፉ፣ ሰዎችም በ2024 እንዲሄዱ ዐቅዶ አሳየ። ሁለቱም ዓመታት አለፉ፤ ማርስ ላይ የደረሰ የእርሱ መንኮራኩር የለም። እዚህ ላይ ተራ መዘግየት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ከመሬት ወደ ማርስ አመቺው መንገድ የሚከፈተው በየ26 ወሩ አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፣ በጥቂት ሳምንት የዘገየ ከሁለት ዓመት በላይ ይዘገያል። አገራችን በዲማ ጊዮርጊስና በዋሸራ የቅኔ ጉባኤ የታወቀች ናት፤ ባሕረ ሐሳብ የጠነቀቀ አንድ መሪጌታ የመጪዎቹን መቶ ዓመታት ፋሲካዎች ቀን ከነጾማቸው ያለ ስሕተት ቆጥሮ ይነግርሃል። የፕላኔቶችን መንገድ በኮምፒውተር የሚያሰላ ኩባንያ ቀን ቆርጦ ደጋግሞ ሲስት፣ የሳተው ስሌቱ ሳይሆን ቀኑን የቆረጠበት ምክንያት ነው ብዬ እንድጠረጥር ያደርገኛል። የቅኔ ተማሪ ቢሆን ማርስ ሰሙ ነው፣ ወርቁን ፈልግ ይል ነበር፤ ወርቁን ፈልጌ ያገኘሁት የመንግሥት ውል ውስጥ ነው፤ ጥቂት ዝቅ ብዬ አነሣዋለሁ።

የዚህ ተስፋ ዋነኛ ገዢ የነበሩት ጃፓናዊው ባለጸጋ ዩሳኩ ማኤዛዋ ናቸው። በ2018 ስታርሺፕ በተባለው የስፔስኤክስ ግዙፍ ሮኬት ጨረቃን የሚዞር ጉዞ ሙሉውን ገዙ፤ በ2023 ለመነሣት ታስቦ ስምንት የጥበብ ሰዎችም አብረዋቸው እንዲሄዱ ተመረጡ። ጁን 2024 ላይ መቼ እንደሚነሣ የማይታወቅን ጉዞ ይዞ ሕይወትን ማቀድ አልተቻለም ብለው ሰረዙት። ጎረቤቴ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ያመሰገኑት እርሳቸውን ብቻ ነው፤ ነጋዴ ማለት እንዲህ ነው አሉ።

ዋስትናን በሚመለከት የአሜሪካ ሕግ አስደናቂ ነው። በእኛ አገር ሕግ ሚኒባስ እንኳ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሳይኖረው መንገድ አይወጣም። በአሜሪካ ግን በ2004 የወጣው ሕግ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ በንግድ መንኮራኩር የሚሳፈሩትን ሰዎች ደኅንነት የሚመለከት ደንብ እንዳያወጣ ለተወሰነ ጊዜ ከለከለ፤ ምክንያቱም ኢንዱስትሪው ገና ለጋ ነው የሚል ነበር። ክልከላው ደጋግሞ ተራዝሞ አሁን እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2028 ደርሷል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ተሳፋሪው አደጋውን ዐውቄ ተሳፍሬአለሁ ብሎ ይፈርማል፤ መንግሥትም መንኮራኩሩን ለሰው ደኅና ነው ብሎ አላረጋገጠለትም። ለጋ የተባለው ኢንዱስትሪ ሃያ ዓመት አልፎታል። ለፍትሕ ሲባል ግን ሴፕቴምበር 12 ቀን 2022 ኒው ሼፐርድ ያለ ሰው በሄደበት በረራ ሞተሩ ሲበላሽ የማምለጫው ሮኬት እንደ ታሰበው ሠርቶ የመንገደኛ ክፍሉን በደኅና አውርዶታል፤ ይህ የመሐንዲሶቹን ጥራት የሚያሳይ ሥራ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያበሳጨኝ «የግል» የምትለዋ ቃል ናት። አንድ ገበሬ ወንፈል ጠርቶ ያሳረሰውን ማሳ ብቻዬን አረስሁት ቢል መንደሩ ይስቅበታል። ስፔስኤክስ በ2002 ተቋቁሞ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሮኬቶቹ ከከሸፉ በኋላ አራተኛው ሴፕቴምበር 2008 ላይ ምህዋር ደረሰ። ኩባንያው በዚያ ወቅት ገንዘቡ ሊያልቅ ተቃርቦ እንደ ነበር መስክ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ከውድቀት አድኖ በእግሩ ያቆመው በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ናሳ የሰጠው የ12 በረራዎችና የ1.6 ቢሊዮን ዶላር ውል ነው። በ2014 ጠፈርተኞችን ለማመላለስ 2.6 ቢሊዮን፣ በ2021 ሰው በጨረቃ ላይ ለሚያሳርፍ መንኮራኩር 2.89 ቢሊዮን ዶላር ተጨመረ። በዚህ የመጨረሻው ውል የተሸነፈው ብሉ ኦሪጅን መንግሥትን ከሶ ተረታ፤ በ2023 ግን ለእርሱም 3.4 ቢሊዮን የሚያወጣ ሌላ ውል ተሰጠው። መንግሥት ሥራ ማሠራቱ ነውር የለውም፤ ከዚህ ቀደም በመንግሥት መንገድ ይሠራ ከነበረው ሥራ በርካሽ ያሠራበት ጊዜም አለ። ነውሩ የግብር ከፋዩ ስም ከታሪኩ መፋቁ ነው።

የመጫኛና የማውረጃውን ማን ይከፍላል ለሚለው ጥያቄ ግልጹ መልስ ያለው ኒው ሜክሲኮ በተባለው የአሜሪካ ግዛት ነው። ለቨርጂን ጋላክቲክ መነሻ የሆነው ጣቢያ የተሠራው ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ በሆነ የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ የሁለት ወረዳ ነዋሪዎችም ከሱቅ በሚገዙት ዕቃ ላይ ተጨማሪ ግብር እንዲጣል ድምፅ ሰጥተው ነበር። ጣቢያው በ2011 ተመረቀ፤ ግብሩ እየተከፈለ መንገደኛ የጫነ የንግድ በረራ ለማየት 12 ዓመት ፈጀ። ቤዞስ ግን ቢያንስ አልሸሸገም፤ ከጉዞው ሲመለስ የአማዞንን ሠራተኞችና ደንበኞች ለዚህ ሁሉ የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ ብሎ አመስግኗል።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ጭነቱን አይመለከትም፤ እዚህ ላይ ጥርጣሬዬ ይሸነፋል። የስፔስኤክስ ፋልከን 9 የታችኛው ክፍሉ ዕቃውን ከላከ በኋላ ተመልሶ በእሳቱ ላይ ቆሞ ያርፋል። ለመጀመሪያ ጊዜ በዲሴምበር 2015 ሲያርፍ ቪዲዮውን ለክፍሌ አሳይቼ፣ ተማሪዎቼ ወደ ኋላ የተሽከረከረ ፊልም ነው ብለው ሊያምኑኝ አልፈለጉም ነበር። በ2024 ብቻ የፋልከን ሮኬቶች ከ130 ጊዜ በላይ ተነሥተዋል። ኩባንያው በ2019 እስከ 200 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሳተላይት ከሌሎች ጋር አዳብሎ በ1 ሚሊዮን ዶላር እንደሚጭን አስታወቀ፤ የኬንያዋ ታይፋ 1 በኤፕሪል 2023፣ የጅቡቲም የመጀመሪያዋ ሳተላይት በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በዚህ ዓይነት ደባል ጭነት ሄደዋል። የእኛዋ የመጀመሪያዪቱ ሳተላይት፣ 70 ኪሎ ግራም ያህል የምትመዝነው ኢቲአርኤስኤስ 1፣ ዲሴምበር 20 ቀን 2019 የተነሣችው በቻይና መንግሥት ሮኬት ነበር። ጎረቤቴ ፋልከን 9ን ወዲያው ነው የተረዱት፤ «አዲስ አበባ አራግፎ የሚመለስ ኤፍኤስአር ነው፤ እስካሁን የነበሩትማ እህሉን አድርሰው መኪናውን ገደል ይከቱት ነበር ማለት ነው?» አሉ። አዎን፣ እንዲያ ነበር። ግን ተመላላሽ መኪና ያለው ባለንብረት የማጓጓዣ ዋጋውን ቀነሰ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ እውነቱን ነገርኋቸው፤ የሙሉው ፋልከን 9 የዋጋ ዝርዝር በ2022 ከ62 ሚሊዮን ወደ 67 ሚሊዮን ዶላር ከፍ ብሏል፤ ምክንያቱ የዋጋ ንረት ነው ተብሏል። ጎረቤቴ ሳቁ፤ ይህን ምክንያት ከራሳቸው ሾፌሮች ያውቁታል።

ትልቁ ስታርሺፕ ሌላ ነው። ኤፕሪል 20 ቀን 2023 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ የራሱን የኮንክሪት መሠረት ቆፍሮ በታተነው፤ አቧራውም በአቅራቢያው ባለ ከተማ ላይ ዘነበ፤ ሮኬቱ ከ4 ደቂቃ በኋላ ፈነዳ። ኦክቶበር 2024 ላይ የታችኛውን ክፍል ማማው ላይ ባሉ ክንዶች መቅለባቸው በእውነት የሚደነቅ ነበር። በጃንዋሪና በማርች 2025 ግን ላይኛው ክፍል በካሪቢያን አካባቢ ባሉ ደሴቶች አቅራቢያ ሁለት ጊዜ ተሰባበረ፤ የመንገደኛ አውሮፕላኖችም መንገድ እንዲቀይሩ ተደረገ። እየሰበሩ መማር የእነርሱ ዘዴ ነው፤ እኔም በቤተ ሙከራዬ ስንት ብርጭቆ ሰብሬአለሁ። ነገር ግን ስብርባሪው የሚወርደው ሙከራውን ባልጠየቀ ሰው ሰማይ ላይ ነው። ዲሴምበር 30 ቀን 2024 በኬንያ ማኩዌኒ ውስጥ በአንዲት መንደር 500 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን የብረት ቀለበት ወደቀ፤ የአገሪቱ የጠፈር ኤጀንሲም የሮኬት ክፍል መሆኑን አስታወቀ። ይህን በእነዚህ በሦስቱ ባለጸጎች ላይ አልለጥፍም፤ ሆኖም በረራ በበዛ ቁጥር ብረቱ የሚመጣው ትኬት ወዳልቆረጠ ገበሬ እርሻ መሆኑን ያሳየኛል።

ስለ ስታርሊንክ፣ ማለትም ስለ ስፔስኤክስ የኢንተርኔት ሳተላይቶች፣ አጭር ቃል ልጨምር። ከ2019 ጀምሮ የተላኩት ሳተላይቶች በ2025 ምህዋር ላይ ከ7 ሺህ በላይ ደርሰው ነበር፤ አዲስ በተላኩ ሰሞን ሌሊት ለማኅሌት የሚሄድ ሰው እንደ መቁጠሪያ የተሰኩ መብራቶች ሲያልፉ ያያል፤ አክስቴ አንድ ጊዜ አይታ ንስሐ አባቷን ልትጠይቅ ሄዳ ነበር። በፌብሩዋሪ 2022 ከተላኩት 49 ውስጥ እስከ 40 የሚሆኑት በማግኔታዊ ማዕበል ምክንያት ወድቀው ተቃጠሉ፤ ከፀሐይ በመጣው ኃይል የላይኛው አየር ሞቆ ስለ ወፈረ እየጎተተ አወረዳቸው። ይህንኑ የላይኛውን አየር የሚያጠናው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የጂኦስፔስና የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ ዋሸራ የሚል ስም መያዙ፣ የቅኔውን ጉባኤ ለሚያስብ ሰው ደስ የሚል አጋጣሚ ነው።

ነጥብ መስጠት ግድ ከሆነ፣ ለጭነቱ አገልግሎት ከ10 ስምንት እሰጣለሁ፤ ዋጋው ቢወርድ ዘጠኝ ይገባው ነበር። ወጥቶ ለሚወርደው የመንገደኛ ጉዞ ሦስት፤ አንዱ ነጥብ የብሉ ኦሪጅን ማምለጫ ሮኬት ነው። ለማርስ ትኬት ነጥብ አልሰጥም፤ በሚዛን ላይ የሚቀመጥ ዕቃ አልቀረበልኝም።

ባለፈው በጋ ከትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ልጆች ጋር የጣናን ምስል ከሳተላይት አውርደን ነበር። ከ1972 ጀምሮ የሚሠራው ላንድሳት የአሜሪካ መንግሥት፣ በ2015 የጀመረው ሴንቲኔል 2 ደግሞ የአውሮፓ መንግሥታት ሲሆን፣ የሁለቱም ምስል ለማንም ሰው በነጻ ይሰጣል። በ2011 በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ ከዓመት ወደ ዓመት ዳሩን ይዞ እንዴት እንደ ተስፋፋ ልጆቹ ምስሎቹን ደርድረው አሳዩ። ላፕቶፑን ለጎረቤቴ ወስጄ ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው አረንጓዴውን ነካ አደረጉና፣ «ይህ ሣር ነው?» አሉ።

«እምቦጭ ነው ጋሼ።»

«ለዚህስ ስንት ከፈላችሁ?»

«የሞባይል ዳታ ብቻ።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያም ወንበራቸውን ወደ ላፕቶፑ አስጠጉና፣ «በል እንግዲያው ጣናን ተውና ቢቸናን አምጣልኝ፤ ዘንድሮ ዘር የዘገየው በየት በኩል እንደ ሆነ ልየው» አሉኝ።